ሠላሳ ነው እንጂ ሠላሳ ሦስት አይደለም

ሰኞ
አፈርኩ። በመጽሔት ስለ ሰው ትዳር ሳይቀር የምመክር ሴት ሦስት ቁጥር አምታታኝ! ታናሽ እህቴ ዘሃራ እዚሁ ሸዋ ሮቢት የሒሳብ መምህርት ናት። ክፍልፋይ ውስጥ ሌላ ክፍልፋይ ሲሸጎጥ ላይኛው ቁጥር ስንት እንደሚወጣ በጀሪካን ወረፋ አሳየችኝ። ክፍልፋዩ ሁለት ሲደመር አንድ ለሦስት ከሩብ ነው፤ ስለዚህ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት የተጻፈባቸው ጀሪካኖች ይሰለፋሉ። መጀመሪያ ሁሉም ይባዛሉ፤ ሃያ አራት። ከዚያ ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ ተያይዘው ይወጡና የቀረው ይደመራል። ሁለትና ሦስት ሲወጡ አራት፣ ሦስትና አራት ሲወጡ ሁለት። ሠላሳ!

እኔ ግን "ሁለትና አራትም ይወጣሉ እንጂ!" ብዬ ሦስት ጨመርኩበት። የሰፈራችን ቦኖ ወረፋ ይጠመዘዝና መጨረሻው ከመጀመሪያው ጎን ነዋ የሚቆመው! ይባስ ብዬ ሱቅ በራፍ ላይ "ዘሃራ ተሳስታለች፣ ሠላሳ ሦስት ነው" እያልኩ ሳቅኩባት። ማታ በረጅሙ መንገድ ብሠራው ሠላሳ ሆኖ አረፈው።

ማክሰኞ
ደሜ ፈልቷል። ወሬዬ የዘሃራ ኃላፊ ጋሽ ታደሰ ጆሮ ገብቷል። ትምህርቷን አቋርጠው፣ ተማሪ ፊት፣ "ሠላሳ ሦስት ነው! እህትሽ እንኳ ታውቃለች" አሏት። ሐሙስ እሳቸው ባሉበት ደግማ ታስተምራለች፤ ካልጣማቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ይነጥቋታል። በሱቅ በራፍ ወሬ መምህር ይዋረዳል? ወረቀት ጠፋ? እርሳስ ጠፋ?

ረቡዕ
ሄድኩባቸው። "ጋሼ፣ ስህተቱ የኔ ነው" ብዬ በረጅሙ መንገድ ሠራሁላቸው። ሦስት ከሩብ ማለት አሥራ ሦስት አራተኛ። ይገለበጥ፤ ሁለት ይጨመርበት፤ ሠላሳ አሥራ ሦስተኛ። ላዩ ሠላሳ!

ዞር ብለውም አላዩት። "እትዬ ሐያት፣ እርስዎ መጽሔትዎን ይጻፉ። ሒሳብ የቦኖ ወሬ አይደለም።"

"ታዲያ ሠላሳ ሦስቱን ከየት አመጡት?"

በሩን በእጃቸው አሳዩኝ።

ለዘሃራ በኩራት ብነግራት፣ "ወላሂ አንቺ! አፍሽ ከመከፈቱ በፊት ጣትሽ ቢቆጥር ምን ነበረበት?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን እኔ ወሬኛ ብሆን እሳቸው ኃላፊ አይደሉም እንዴ?

ሐሙስ
ሙቀቱ አይጣል። መስኮት ሥር ቆሜ አየሁ። ዘሃራ ሦስት ተማሪዎችን ቁጥር አስይዛ ግድግዳውን ታክከው ቀጥ ብለው እንዲቆሙ አደረገች።

"ዳርና ዳሩስ?" አሉ ጋሽ ታደሰ ከኋላ።

"መሐል ሰው አለ እኮ ቲቸር! በላዩ ላይ ይዝለሉ?" አለች አንዷ ልጅ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዘሃራ አልሳቀችም። ወረፋውን ገልብጣ ከአራት አስጀመረችው፤ ክፍልፋዩ ሌላ ሆነ፣ ላዩ ግን አሁንም ሠላሳ።

ጋሽ ታደሰ እስክሪብቶ አወጡ። ጻፉ፣ ሰረዙ፣ ደግመው ጻፉ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና "ሰኞ አሳውቅሻለሁ" ብለው ወጡ።

ሠላሳ ነው ለማለት እስከ ሰኞ ይፈጃል? ዘሃራ ጠመኔዋን እንደጨበጠች ቀረች። ሰኞ የሚሉትን፣ አንዲት ቃል ሳልጨምርበት፣ እዚሁ አሰፍረዋለሁ።