ሽማግሌ የያዘው ክስ

ሰኞ

ሐሙስ ነው ቀጠሮው። ጠበቃዬ፣ አቮካታዋ፣ ደውላ ‹‹ምስክር ካላመጣሽ ተስፋ የለንም›› አለችኝ። እንዲህ በግልጽ።

ዳኛ ፊት እንዳልንተባተብ ነገሩን እዚህ ላስተካክለው። ትከሻዬን አሞኝ ሐኪም አሳረፈኝ። አሠሪዬ እትዬ ዘውዴ ‹‹ሰበብ ነው›› ብላ እዚሁ ሮም፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ካለው ልብስ ማጠቢያ ቤቷ፣ ከላቫንደሪያዋ፣ የስንብት ወረቀት ሰጠችኝ። ስልሳ ቀን ሳይሞላ መቃወም ነበረብኝ። አልተቃወምኩም። ጉዳዩን መጀመሪያ ያዩት የግልግል ዳኞች ‹‹ዘግይተሻል›› ብለው መዝገቡን ዘጉት፤ በግፍ ተባርሬ እንደሆነ እንኳ አላዩልኝም። አሁን ፍርድ ቤቱ፣ ትሪቡናሌ፣ የሚያየው እውነት ዘግይቼ እንደሆነ ነው።

ለምን ዘገየሁ? ሽማግሌ ይዞት ነዋ! አባባ ገብሬ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው በእሳቸው ነው፣ ቤቷ ድረስ ይዘውኝ ሄዱ። እሷም ‹‹ወረቀቱን ተዉት፣ ከፋሲካ በኋላ ትመለስ›› አለች። ጉልበቷን ስሜ ወጣሁ። ሽማግሌ ረግጦ ማን ወደ ሠራተኛ ማኅበር፣ ወደ ሲንዳካቶ፣ ይሮጣል? ከፋሲካ በኋላ ስሄድ ካውያዬን ሌላ ሴት ይዛዋለች።

ማክሰኞ

ቲቡርቲና፣ አባባ ገብሬ የሚኖሩበት የልጃቸው ቤት ሄድኩ። ይመስክሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው።

‹‹የሽምግልና ቃል ከቤት አይወጣም፣ ልጄ። ዛሬ የዘውዴን ባወጣ ነገ ማን በሩን ይከፍትልኛል?››

‹‹የእኔስ በር፣ አባባ?›› አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሏል፣ አውቃለሁ። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሜሶዬ፣ ሊያልቅ ነው፣ ያለ ሥራ ኮንትራቶ አያድሱልኝም። ቤት ያከራየችኝ ሴትዮም ያለ ፔርሜሶ አታኖረኝም።

አንገታቸውን ደፉ። እኔም ተነሥቼ ወጣሁ፣ ደህና ዋሉ እንኳ አላልኩም። ምን አባቴ ነካኝ?

ረቡዕ

አቮካታዋ ‹‹ፍርድ ቤት ያስገድዳቸው›› አለች። እኔ አባባ ገብሬን በመጥሪያ ላስጎትት! አይ ይቅርብኝ አልኳት። በጣም ተናደደች።

ይባስ ብሎ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ማን ብትመጣ ጥሩ ነው? እትዬ ዘውዴ! ጉንጬን አገላብጣ ሳመችኝ፣ ‹‹ከሳሽብኝ፣ ምነው?›› አለች። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ‹‹ደህና ነኝ›› ብቻ አልኩ።

አንድ ደግ ነገር፦ ምስር ሠርቼ እስክጠግብ በላሁ። ከሰኞ ወዲህ እህል ሲወርድልኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ሐሙስ



ኮሪደሩ ላይ ካፖርታቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል፣ አባባ ገብሬ። ልጃቸው ናት ያመጣቻቸው። ሰላም ስላቸው ‹‹እግዚአብሔር ይመስገን›› አሉ፣ ሌላ ምንም። ሊመሰክሩልኝ ይሁን ሊገሥጹኝ አላወቅኩም።

ችሎት ላይ እትዬ ዘውዴ ‹‹ወረቀቱን አላነሳሁም፣ አዝኜላት ነው ሽማግሌውን ያነጋገርኳቸው›› አለች። ከዚያ አባባ ሲገቡ ከወንበሯ ብድግ አለች። ልማድ ሆኖባት።

በአስተርጓሚ ተናገሩ። ‹‹ወረቀቱን ተዉት፣ ትመለስ ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይቺን ልጅ ነገሩን በእጃችን ይዘናል፣ ክስ እንዳትሄጂ ያልኳት እኔ ነኝ። ዘገየች ካላችሁ ያዘገየኋት እኔ ነኝ።›› ዘውዴን ቀና ብለውም አላዩ።

ዳኛዋ ወጥታ ተመለሰች። የግልግል ዳኞቹ ውሳኔ ተሻረ። ዘውዴ ‹ትመለስ› ብላ ለሽማግሌ ቃል ስትገባ ወረቀቱ ቀርቷል፣ የተባረርኩት ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ክሴ በጊዜው ነው። አሁን ዋናው ነገር፣ በግፍ መባረሬ፣ ይታያል። አቮካታዋ አቀፈችኝ።

ደጅ ላይ ጉልበታቸውን ልስም ስል ያዙኝ። ‹‹ተይ። ከእንግዲህ ለሽምግልና የሚጠራኝ የለም›› አሉ። አነጋገራቸው አንጀቴን በላው።

ዓርብ

አባባ ደወሉ። ዘውዴ እቤታቸው ሄዳለች፣ ሽማግሌ ልላክባት ብላ። ክሱን ካነሳሁ ሰኞ ወደ ሥራ ትመልሰኛለች።

ሰኞ! ፔርሜሶዬ፣ ቤቴ፣ ሁሉም። ግን ያኔም እኮ ቃል ነበር የሰጠችኝ።

‹‹ይምጡ፣ አባባ፣ በደስታ እቀበልዎታለሁ። ክሱን ግን አላነሳም›› አልኳቸው። ለሽማግሌ እንዲህ ስመልስ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።



‹‹አባባ? አሉ?››

‹‹አለሁ›› አሉ። ‹‹እኔም አንሺው ልልሽ አልደወልኩም።››