ሁለት እጅ ሰም፣ አንድ እርጥብ ፎጣ

ለተከበረው የኮሌጅ ሴቶች ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና አዘጋጅ ኮሚቴ፣
በተለይም ለክቡር ሰብሳቢው፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁን እጠይቃለሁ። ራሳችሁ፣ ወገባችሁ፣ ይልቁንም ጉልበታችሁና ቁርጭምጭሚታችሁ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ወገቤን ከመቁረጡ በቀር ደህና ነኝ። የወገቤን ነገር ኋላ እመጣበታለሁ።

ማን እንደሆንኩ ላስተዋውቅ። ሻምፒዮናው በሚካሄድበት የኮሌጃችን አዳራሽ የፅዳት ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬን ስሠራ ብዙ ጊዜ እግራችሁን ከፍ አድርጋችሁ አሳልፋችሁኛል፤ ፊቴን ታስታውሱታላችሁ ብዬ ግን አልደፍርም። ይህን አንድ ወለል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወልውዬዋለሁ፤ ባሌን እንኳ ይህን ያህል አልታገስኩትም። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ነጥብና ሰረዙን በየቦታው ያስገባችልኝ ልጄ ናት፤ እያስገባችም፣ እማዬ ይሄን ከላክሽው ሰኞ ሥራ የለሽም፣ ብላኛለች። እኔም ሰኞ ለማረፍ ሰበብ ስፈልግ ነበር ብያታለሁ። ውሸቴን ነው።

አንደኛ፦ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ክቡር ሰብሳቢው አዳራሹን ሊጎበኙ መጥተው፣ መሃል ሜዳ ላይ ቆመው ቁልቁል ከተመለከቱ በኋላ፣ የነገው ግማሽ ፍጻሜ በቴሌቪዥን ስለሚታይ ወለሉ እንደ መስታወት ያብራ፣ ፊቴን ያላየሁበትን ወለል ወለል አልለውም በማለታቸው ከልብ አመሰግናለሁ። ልጆች የሚሮጡበት ወለል ዋና ሥራው የሰብሳቢ ፊት ማሳየት መሆኑን እስከዚያ ቀን የነገረኝ ሰው አልነበረም። እኔ ሞኟ የኳስ ወለል በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ነው የሚጠረገው፣ ሰም የቢሮና የኮሪደር ነው እያልኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴን አባክኛለሁ።

ይህንኑ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። እሳቸው ግን ቀደም ብለው፣ እህቴ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ፣ አሉኝ። እህቴ! የእናቴ ልጅ እንኳ ስልክ ሲደውል ስሚ አንቺ ነው የሚለኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ አፌም ተዘጋ። ከመጋዘን የኮሪደሩን ሰም አውጥቼ ሁለት እጅ ቀባሁት። አንድ እጅ ይበቃ ነበር፤ ሁለተኛው እጅ እህቴ ስላሉኝ ነው። ሲደርቅ ጎንበስ ብዬ ፊቴን አየሁበት፤ ሻሼንም አስተካከልኩበት። ከላይ ወደ ታች ሲታይ አገጬ አንድ ብቻ መሆኑን ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

ሁለተኛ፦ የሐሙሱ ጨዋታ። የእኛ ኮሌጅ ልጆች ረጃጅሞች ናቸው፤ ቅርጫቱ ሥር ቆመው እጃቸውን ከዘረጉ በቂያቸው ነው። ከሩቅ ኮሌጅ የመጡት እንግዶች ግን አጫጭሮች ስለሆኑ ያላቸው ሀብት ሩጫ ብቻ ነው፤ በዚያው ሩጫ ያገኙትን ሁሉ እያሸነፉ ነው እዚህ የደረሱት። ሰም ላይ የሚሮጥ ሰው ምን እንደሚገጥመው ለማወቅ ስምንተኛ ክፍል መድረስም አያስፈልግም። በመጀመሪያው ሩብ አራት ጊዜ ወደቁ፤ ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ተውኩት። በሦስተኛው ሩብ አምበላቸው፣ አራት ቁጥር የለበሰችው ቀጭን ልጅ፣ ኳስ ነጥቃ ማንም ወደሌለበት ቅርጫት ስትበር እግሯ ከዳት፤ ኳሷን እንደታቀፈች በመቀመጫዋ ተንሸራታ ቅርጫቱን አልፋ ፎቶ አንሺዎቹ እግር ሥር ቆመች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ስቄአለሁ፤ ያውም ጮክ ብዬ።

ልጅቷ ከመነሳቷ በፊት ወለሉን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ጣቷን አሸተተች፤ ከዚያ ዙሪያዋን ቃኝታ መወልወያ ይዤ የተገተርኩትን እኔን አገኘችኝ። መወልወያዬን ከኋላዬ ደበቅሁ። እንግዶቹ በሁለት ነጥብ ተሸነፉ።

የመውደቁ ምክንያት "ተገቢ ያልሆነ ጫማና የልምድ ማነስ" መሆኑን በመግለጫችሁ በማስረዳታችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል የእኔ ዓይነት ያልተማሩት። የእንግዶቹን አሰልጣኝ አቤቱታም በቅጹ ላይ አልተሞላም፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ አልቀረበም፣ ማስረጃም የለውም ብላችሁ መልሳችኋል። ቅጹ የተቆለፈበት ቢሮ ቁልፍ በዚያ ሃያ ደቂቃ ውስጥ በክቡር ሰብሳቢው ኪስ ውስጥ ሆኖ ካፌ ሻይ እየጠጣ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እናንተ ግን ወረቀቱን እንዲይዙም አልፈቀዳችሁም።

ሦስተኛ፦ ይህኛው አቤቱታ በእኔ ላይ ነው። ቁጥር ካልሰጠሁት ዘልዬው እንዳላልፍ ስለፈራሁ ቁጥር ሰጠሁት። ሐሙስ የእኛ ልጆች ሰውነታቸውን ሲያሟሙቁ ሁለቱ ሲንሸራተቱ አየሁና ያደረግሁት ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ሮጬ ፎጣ አረጠብኩና የጫማቸውን ሶል እየጠረጉ እንዲገቡ የእኛ ልጆች ወንበር ሥር ዘረጋሁላቸው። የተጠረገ ሶል ትንሽም ቢሆን ይይዛል። እንግዶቹ ወንበር ሥር ግን አልዘረጋሁም። ረሳሁት ብዬ ብጽፍ እንዴት ደስ ባለኝ! ሌላ ፎጣ አልነበረም ብዬ ጽፌም ነበር፤ ልጄ ቀና ብላ፣ እማዬ፣ አዳራሹ ያለው ቁም ሳጥንሽ ውስጥ ያሉትስ፣ ስትለኝ ሰረዝኩት። ስድስት ደረቅ ፎጣዎች ታጥፈው ተቀምጠው ነበር። የእኛ ልጆች እትዬ እያሉ በየዕለቱ የሚስሙኝ ልጆች ናቸው፤ እንዲያሸንፉ ፈለግሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከዚያማ ጀግና ሆንኩላችሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቦርሳዬን ሲፈትሽ የኖረው የበሩ ጥበቃ ብድግ ብሎ፣ ስድስተኛዋ ተጫዋች መጣች፣ እጅሽ ይባረክ፣ ሰሙን እንደ ተንኮለኛ ነው የቀባሽው፣ አለኝ። የካፌዋ ሴትዮ ሻይ ጋበዘችኝ። አሰልጣኛችን ማሊያ ሸለመኝ፤ ልለካው ብዬ አንገቴን ካስገባሁ በኋላ ከደረቴ በታች አልወርድ፣ ወደ ላይም አልወጣ አለ፤ ለማውጣት ልጄና ጎረቤቴ በግራና በቀኝ ጎተቱኝ። ሽልማት እንዲህ አንቆ ሲይዝ አይቼ አላውቅም።

ያን ቀን ጨዋታው እንዳለቀ መታጠቢያ ቤት ውስጥ መወልወያዬን ስጨምቅ፣ አራት ቁጥሯ ክርኗ ተልጦ ገባች። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ለመሰደብ ተዘጋጀሁ። እሷ ግን ቁስሏን ውሃ እያስነካች፣ ወለሉ የእናቴን እጅ ይሸታል፣ እናቴ የሆስፒታል ኮሪደር ነው የምትወለውለው፣ አለችኝ። ቀጥላም፣ አለቃ ካዘዛት እሷም ትቀባው ነበር፣ አይዞዎት እትዬ፣ አለችኝና ወጣች። አይዞዎት! የወደቀችው እሷ፣ የምትጽናናው እኔ! ስለ ፎጣው አላወቀችም። ዘንድሮ ተመራቂ ናት፤ ከዚህ በኋላ ሌላ ሻምፒዮና የላትም።

እንግዲህ ማስረጃ የለም ብላችኋል። ማስረጃው እኔ ነኝ፤ ከሁለቱ ባዶ የሰም ጣሳዎችና ከፎጣው ጋር በፈለጋችሁት ሰዓት እቀርባለሁ። የእንግዶቹ አውቶቡስ ነገ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚነሳው፤ ፍጻሜው ደግሞ እሁድ ነው። ስለዚህ ግማሽ ፍጻሜው ነገ ጠዋት እንዲደገም በትህትና እለምናለሁ። ወለሉ ዝግጁ አይደለም እንዳትሉኝ፣ ዛሬ ከማለዳ ጀምሬ በሙቅ ውሃና በሳሙና ተንበርክኬ ፍቄዋለሁ። ማንም ሳያዘኝ የሠራሁት የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ የወገቤም ነገር ይኸው ነው። አሁን ደብዝዟል፤ የማንም ፊት አይታይበትም፤ ለሩጫ ግን ይሆናል።

ልጆቻችን ነገ ቢሸነፉ የበሩ ጥበቃ ተመልሶ ቦርሳዬን እንደሚፈትሽ፣ የካፌዋም ሻይ እንደሚቋረጥብኝ አውቃለሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ስለ እኔ ሳይሆን አይቀርም። ቢያሸንፉ ግን ያሸነፉት እነሱ ይሆናሉ፤ ሐሙስ ዕለት ያሸነፍኩት እኔ ነኝና።

የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ በአዳራሹ በር፣ በካፌው ግድግዳና በእንግዶቹ ማደሪያ መግቢያ ላይ ተለጥፏል። የመጨረሻውን ልለጥፍ ስሄድ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመልሼ ነበር፤ ይሁን እንጂ አራት ቁጥሯ ስለ ፎጣው ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔ እንድትሰማ ፈልጌአለሁ።

ወንበራችሁ አይነቅነቅ፣ ጫማችሁ አይንሸራተት እያልኩ፣ ጎንበስ ማለት ልማዴ ስለሆነ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

እህታችሁ፣
የአዳራሹ ፅዳት ሠራተኛ (እስከ ሰኞ)

ማሳሰቢያ፦ ክቡር ሰብሳቢ፣ ትእዛዝዎን ጨርሼ የሻርኩ እንዳይመስልዎት። ከክብር ወንበርዎ ተነስቶ ዋንጫው እስከሚቀመጥበት ጠረጴዛ ድረስ ያለውን መተላለፊያ እንዳዘዙኝ ሁለት እጅ ቀብቼዋለሁ፤ እሁድ በቴሌቪዥን እየታዩ ዋንጫውን ሊሰጡ ሲሄዱ ፊትዎን ወለል አድርገው ያዩበታል። ጫማዎ ተገቢ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። እርጥብ ፎጣ ካስፈለገዎትም ሰባቱም ዝግጁ ናቸው፤ ቅጹን ሞልተው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ያመልክቱኝ።