አቡጀዲ ያለበስኳት ልጅ

ውድ ልጄ ቢሌን፣

ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ደረጃውን ያለ ምርኩዝ እወጣለሁ፣ ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፣ በመነጽርም ቢሆን መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ። ጽሕፈት እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ፤ ግን ኮል ሳደርግልሽ ስለማታነሺ ይህችን ደብዳቤ ጓደኛሽ ነጃት ታደርስልሽ።

ነገሩ ስለዚያ የግድግዳ ስጋጃ ነው። እናትሽ ትርንጎ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በርክሌ ከተማ ያስታመመቻት አሮጊት የሰጠቻት። ድሮ ፈረንጆች የግሪክ ተረት የሸመኑበት ነው ብለሽ ያስረዳሽን አንቺ ነሽ። ልጅቷ ከአሳዳጇ ትሸሻለች፤ ሊይዛት ሲል ወንዝ የሆነውን አባቷን "አድነኝ!" ትለዋለች፤ እሱም ዛፍ ያደርጋታል።

እኔ የታየኝ እርቃናቸው ብቻ ነበር። የማኅበሩ ተራ እኛ ቤት ሲደርስ፣ ቄሱ ሳይመጡ ብዬ አባትና ልጁን አቡጀዲ ሰፋሁባቸው። አንቺ "አባዬ፣ ጎስት እኮ፣ የሙት መንፈስ አስመሰልካት!" አልሽ። እናትሽ ደግሞ "አንተ ሰውዬ፣ ነፍሷን ልታድን የምትሮጥ ልጅ ቀሚስ ልትመርጥ ነው እንዴ?" ብላ እስክታለቅስ ሳቀች።

እሷ ባረፈች በዓመቱ ከሳን ሆዜ ሻንጣሽን ይዘሽ መጣሽ። "አባዬ፣ እፈራዋለሁ" አልሽኝ። ባልሽ ግን አቶ ወልደገርጊስንና ሌሎች አስታራቂ ሽማግሌዎችን አስከትሎ ደረሰ። "ኧረ አቶ ንጋቱ፣ ሽማግሌ አያሳፍሩ" ሲሉኝ፣ ሶፋዬ ላይ እንደተቀመጥኩ "ትመለሳለች" አልኩ። አንቺን ሳልጠይቅ። በሩ ጋ ቆመሽ አየሽኝ፤ እኔ ምንጣፉን አየሁ። እናትሽ ብትኖር አፌን ትይዘው ነበር።

ኋላ ከባልሽ ቤት ራስሽ መውጣትሽን፣ ነጃት ዘንድ መግባትሽንም ራሷ ነጃት በምስጢር ነገረችኝ። ትናንት አቶ ወልደገርጊስ ደወሉ። "ቅዳሜ እንመጣለን፤ ያለችበትን ብቻ ይንገሩን። አባት አይደሉ እንዴ?"

"ይምጡ" አልኳቸው። እኔ ይኸው ነኝ።

ለእንግዶቹ ቤት ላሰናዳ ብዬ ስጋጃውን ሳራግፍ አቡጀዲው ተተረተረ። ቀሪውን ስፌት ራሴ ፈታሁት። ልጄ፣ የልጅቷ ጣቶች ቅጠል ማውጣት ጀምረዋል፤ አፏ ተከፍቷል። የምታየው አሳዳጇን አይደለም፣ አባቷን ነው። እሱ የወንዙ ውሃ የሚፈስበትን እንስራ ተደግፎ ተቀምጧል። አልተነሣም። እንደዚያ ስትጠራው አልተነሣም! መብራቱን አጥፍቼ ተኛሁ፤ አልተኛሁምም።

ስለዚህ ለጥፋቴ የምከፍለውን ልንገርሽ፤ ሰው አይክፈልልኝ። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹን በር ላይ ቆሜ እቀበላለሁ፤ ያለሽበትን ከእኔ አይሰሙም። "ትመለሳለች" ያልኩትን ቃል በእነዚያው ሰዎች ፊት መልሼ እወስዳለሁ፤ ይፈሩ፣ እኔም ልፈር። የማኅበሩ ሰዎች ሲመጡ ስጋጃው እንደተገለጠ ይጠብቃቸዋል። መርፌዬ የበሳውን ግን መድፈን አልችልም፤ ያ እንዳለ ይቆያል። ይቅርታውን በወረቀት አልልክም። ና ስትዪኝ በባስ እመጣለሁ፤ በርሽ ላይ ቆሜ እለዋለሁ። ካልከፈትሽም፣ ቆሜ።

አባትሽ ንጋቱ
ኦክላንድ