ከዳንቴሉ ሥር ያለው አምፕህ

ሽፌ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። ቀን ቆጣሪ ሆኜልሃለሁ፤ በሕይወት ሳለህ የልደትህን ቀን እንኳ የምረሳው እኔ። ይህን የምጽፍልህ ሳሎን ቁጭ ብዬ ነው። ዮኒያችን ለልምምድ ወደ ለቡ ሄዷል፤ ውሮ ኮሪደሩ ላይ ካለው ፍሪጅ አናት ላይ ወጥታ ተኝታለች። የድመታችንን ነገር በልብህ ያዝልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ጎፋ እንደተውካት አይደለችም። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሜዳ ታጥሮ ቤት እየተሠራበት ነው፤ አቧራው ልብስ አላሰጣ ብሎኛል። በኪስ የሚያዝ፣ ሽቦ የሌለው ስልክ መጣ ይላሉ። ያንተን የሙያ ጓደኞች የያዛቸው ግን ሌላ አባዜ ነው። በየሆቴሉ የሚጫወቱት ጊታሪስቶች ለሁለት የሚሸከሙትን ባለ አምፖል የጊታር ማጉያ፣ አምፑን፣ እየተዉ፣ የዳቦ ቁራሽ የምታህል ዕቃ በቦርሳ ይዘው መግባት ጀምረዋል። ዲጂታል ናት ይሏታል። ቁልፏን ሲያዞሩት የዚህን አምፕ ድምፅ፣ እንደገና ሲያዞሩት የዚያን ታወጣለች አሉ። እኔ ገና ስሰማው ልቤ አልተቀበለውም። የሃያ ዕቃ ድምፅ የምታስመስል ነገር የራሷ ድምፅ የትኛው ነው? የሰው ሁሉ አነጋገር የሚቀዳ እንግዳ ቤቴ ቢመጣ እኔ መጀመሪያ ቦርሳዬን ነው የምደብቀው።

እሷን ይዞ የመጣው ሬድዋን ነው፤ ከዮኒ ጋር ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ። ወንድሙ ዱባይ እየተመላለሰ ይነግዳል፣ እሱ ነው ያመጣለት። ሙት ዓመትህን ባወጣን ሰሞን በሩ ላይ ቆመው ሲያሳዩኝ፣ ይቺ ነገር በዚህ በር ከገባች እኔ በሌላው እወጣለሁ አልኳቸው። ያለን አንድ በር መሆኑ ትዝ ያለኝ ኋላ ነው። ዮኒ "እሺ እማዬ" አለ። ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ያንተ ልጅ መቼ ነው ያለ ክርክር እሺ ብሎ የሚያውቀው?

ቅዳሜ ከሰዓት ያንተ ሰዓት ነበር። መጀመሪያ ዳንቴሌን ከአምፑ ላይ ታነሳለህ። እሱን ማልበሴ ያናድድህ ነበር፤ ሴትዮ፣ ይሄ ቴሌቪዥን አይደለም፣ ይግላል፣ አንድ ቀን ታቃጥይናለሽ ትለኛለህ። አጣጥፈህ ወንበር ላይ ታኖረዋለህ። አምፑን ስታበራው የሳሎኑ መብራት ፍዝዝ ይላል፤ አንተ እስኪሞቅ ሻይህን ትጠጣለህ። ሳይሞቅ ጊታር መንካት አንተ ዘንድ ነውር ነበር። የጋለ አቧራ ይሸታል፣ ውሮ ዘልላ ላዩ ላይ ትወጣለች። ስትጨርስ እኔ ዳንቴሉን መልሼ አለብሰዋለሁ። ስንት ዓመት ተጨቃጨቅንበት! አንተም ማንሳትህን አልተውክ፣ እኔም ማልበሴን።

ደግሞ አምፑን ከምትጫወትበት ሆቴል ወደ ቤት ያመጣኸው ዕለት፣ ሜክሲኮ ላይ ዝናብ ሲያገኘን፣ ኮትህን አውልቀህ ለአምፑ ነበር ያለበስከው። እኔ አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ እበሰብሳለሁ። ለአንድ ሳምንት አኮረፍኩህ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፣ ወዲያው ደግሞ ሆዴ ይባባል።

ካለፍክ በኋላ ዮኒ ቦታህን ያዘ። ቅዳሜ እሱ ሳሎን ይጫወታል፣ እኔ መኝታ ቤት ገብቼ በአንተ በኩል ተጋድሜ እሰማለሁ። ዓይኔን ስጨፍን አንተ ነህ። ያ ጫፉ ላይ ሻከር የሚለው ድምፅህ ቁጭ ብሏል። ዮኒ መሃል ላይ ቆም ይልና "እማዬ፣ ይሰማል?" ይለኛል። በሳምንት ያቺን አንድ ሰዓት እየጠበቅሁ ነበር የምኖረው፤ ከአንተ ሌላ ምንም አልቀረኝማ።

ጥርጣሬው የጀመረኝ ከውሮ ነው። ክረምት ላይ፣ ያ ሁሉ ብርድ እያለ፣ ከአምፑ ወርዳ ፍሪጁ አናት ላይ መተኛት ጀመረች። ድመት ደግሞ ሙቀት ያለበትን አትስትም። ቀጥሎ መብራቱን ልብ አልኩ፤ ዮኒ አምፑን ሲያበራ አይፈዝም። መብራት ኃይል ተሻሽሎ ይሆናል አልኩ፤ ራሴም አላመንኩት። አንድ ቅዳሜ ሲጫወት ብቅ ብዬ ሳይ፣ ዳንቴሉ አምፑን እንደለበሰ ነው። ያንተ ልጅ ዳንቴል ሳያነሳ! እዚህ ቤት አንድ ነገር አለ አልኩ።

ያው ሬድዋን ላይ ዞርኩ። በመጣ ቁጥር ዓይኑ ከአምፑ አይነቀልም፤ አንድ ቀን ደግሞ ከኪሱ ካቻቢቴ ብቅ ብሎ አየሁ። በቃ፣ ያንተን ዕቃ እየፈቱ ቁርጥራጩን ሊሸጡት ነው ብዬ ደመደምኩ። ፊት ለፊት ሻይ እያቀረብኩለት በሆዴ ሌባ አድርጌው ከረምኩ።

ባለፈው ማክሰኞ ዮኒ ሲወጣ በሩን ቆለፍኩና አምፑን ከግድግዳው ጎትቼ ጀርባውን አየሁ። ወገቤ እስካሁን ይነግረኛል። ትላልቆቹ አምፖሎችህ የሉም፤ እናንተ ቲዩብ የምትሏቸው። በቦታቸው ያቺ የዳቦ ቁራሽ ተቀምጣለች፤ ከአሮጌ ቴፕ ከተፈታ ማጉያ ጋር አያይዘዋታል፣ ገመዱ ወደ ስፒከርህ ይሄዳል። ወይ ጉድ! ቤቴ መግባት አይደለም፣ ያንተ አምፕ ሆድ ውስጥ ገብታለች።

ደጅ ልወረውራት አነሳኋት። ከሥሯ ግራጫ ካልሲህ ወጣ፤ ውስጡ ሁለት የጠቆሩ አምፖሎች፣ ከነሱ ጋር የተጣጠፈ ወረቀት። የዮኒ ጽሕፈት ነው፣ ምትክ አምፖል የፈለጉበት ዝርዝር፤ ሬዲ የሚለው ሬድዋንን ነው። ፒያሳ፣ የለም። መርካቶ፣ ሬዲ ሁለቴ ሄደ፣ የለም። ሬዲዮ ጠጋኙ ሽማግሌ፣ የለም። ዱባይ፣ የሬዲ ወንድም ጠየቀ፣ የለም። ከላይ ግንቦት ብሎ ጽፎበታል።

ከግንቦት ጀምሮ! ስድስት ወር ሙሉ አንተ ነህ እያልኩ ያለቀስኩት በእሷ ድምፅ ነው። ተናደድኩ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ የሬድዋንን ፊት አስቤ አፈርኩ። ልጄ የአባትሽ ቤት ተቃጠለ ቢለኝ ይቀለው ነበር፤ የአባዬ ድምፅ ተቃጠለ ብሎ ሊነግረኝ አልቻለም።

ልቆጣው ተዘጋጅቼ ነበር። ግን በምን አፌ? አንተ የማታውቀው ነገር አለ፣ ሽፌ።

ሐኪሙ ልብህ እንዳይደክም ብሎ አልጋ ላይ ባዋለህ ጊዜ፣ ቅዳሜ ሲመጣ ቢያንስ አብሪልኝ፣ ትንሽ ይሙቅ ትለኝ ነበር። የመጀመሪያውን ቅዳሜ አበራሁልህ። እየሞቀ ማጉረምረሙን ስትሰማ ተነስተህ ወጣህ፣ ኮሪደሩ ላይ ወደቅህ። ያን ቀን ለራሴ ማልኩ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሶኬቱን ነቅዬ ማብሪያውን ብቻ ቀጭ አደርግና፣ በርቷል እልህ ነበር። ያኔ የሚያጉረመርመው ፍሪጁ ነው። አንተ ዓይንህን ጨፍነህ "ይሰማኛል" ትለኛለህ። እስከ መጨረሻዋ ቅዳሜህ ድረስ እንዲያ አልከኝ።

እስካሁን ያታለልኩህ ይመስለኝ ነበር። ግን አንተ እኮ የትኛው አምፖል እንደደከመ ጓሮ ሆነህ በጆሮህ የምትለይ ሰው ነህ። ፍሪጅ ይምታታብሃል? አሁን አንተንም ጠረጠርኩህ።

ካልሲውንም ወረቀቱንም ያቺንም ነገር በየቦታቸው መለስኩ። አምፑን ገፋሁት፣ ዳንቴሉን አለበስኩት። ለዮኒ ምንም አላልኩትም። አንተን አልረሳህም፤ እስክከተልህ ድረስ ቅዳሜ ከሰዓት በአንተ በኩል ተጋድሜ አስብሃለሁ። ያቺን ዕቃ ግን አሁንም አላምናትም፣ ይህን እወቅልኝ።

ትናንት ቅዳሜ ነበር። ዮኒ ተጫወተ፣ መሃል ላይ ቆም አለና "እማዬ፣ ይሰማል?" አለኝ። ኮሪደሩ ላይ ፍሪጁ ያጉረመርማል። ዓይኔን ጨፈንኩና "ይሰማኛል" አልኩት።

ያንተዋ ብርቄ