መርፌ ከማንሳታቸው በፊት የሚጠይቁት ልብስ ሰፊ

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ ሰፈሩ «ጋሼ ኮሌታ» እያለ የሚጠራቸው ልብስ ሰፊ፣ ከአናጺ አባታቸውና ሰው ቤት ልብስ በማጠብ ኑሮን ከሚደግፉ እናታቸው የዛሬ ሰባ አራት ዓመት ተወለዱ። ከአምስት ልጆች በኩሩ ነበሩ። የተወለዱባት ክፍል የአባታቸው መሥሪያም ስለነበረች፣ የሕፃንነት አልጋቸው ደንበኛ አዝዞት ሳይወስደው የቀረ የቁም ሳጥን መሳቢያ እንደነበር እናታቸው እየሳቁ ይናገሩ ነበር።

ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ትምህርት ቤት ገቡ። በንባብ ጎበዝ፣ በሒሳብ ግን ደካማ ነበሩ። አባታቸው ማባዛት ሲያስጠኗቸው የመለኪያ እንጨታቸውን ከእጃቸው አይለዩም፤ እንጨቱም ለመለኪያ ብቻ አልነበረም። አምስተኛ ክፍል ሳሉ አባታቸው ከጣሪያ ላይ ወድቀው ወገባቸው ተጎዳ። ትምህርቱ በዚያው ቀረና ከአጎታቸው ዘንድ ልብስ ስፌት መማር ጀመሩ። በሃያ ሦስት ዓመታቸው በእግር የሚረገጥ የራሳቸውን የስፌት መኪና ይዘው፣ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በር ትይዩ ሱቅ ከፈቱ። ሱቁ ጠባብ ነበር፤ ሁለት ደንበኛ ከገባ አንዱ እጁን ወደ ላይ አንስቶ መቆም ነበረበት። የተማሪዎች የደንብ ልብስ መስፋትና መጠገን ለአርባ አምስት ዓመታት መተዳደሪያቸው ሆነ።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው፣ ዳቦ ቤት ይሠሩ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ልጆችም ወለዱ። ባለቤታቸው ጎህ ሳይቀድ ለሥራ ወጥተው ከሰዓት በኋላ ደክሟቸው ስለሚተኙ፣ ልጅ ማስጠናቱ የልብስ ሰፊው ድርሻ ነበር። ታላቋ ልጃቸው ትምህርት ስትጀምር፣ «እኔ የጎደለኝ እሷ ላይ አይጎድልም» ብለው ለራሳቸው ቃል ገቡ። አባታቸው ያነሱባቸውን ዓይነት እንጨትም ላለማንሳት ወሰኑ።

ቃላቸውን ጠበቁ። አልመቱም፣ አልተሳደቡም። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከመኪናው አጠገብ ባለች በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ እሳቸው እየሰፉ ይጠይቃሉ፣ እሷ ትመልሳለች። ስትሳሳት እግራቸውን ከመርገጫው ያነሳሉ። መኪናው ቀጥ ይላል። ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው ያዩዋታል። ትክክለኛው መልስ እስኪመጣ ሱቁ ውስጥ ድምፅ የሚባል ነገር አይኖርም። ይህ ለእሳቸው ትዕግሥት ነበር።

ሁለተኛ ክፍል ስትገባ ልጅቷ የሸሚዟን ኮሌታ ማኘክ ጀመረች። ልብስ ሰፊው አባቷ የተበላውን ፈትተው፣ ከቁራጭ ጨርቅ አዲስ ቆርጠው ይተኩታል። እጃቸው ወርቅ ስለነበር ማንም አያውቅም። ጎረቤት «የልብስ ሰፊ ልጅ መሆን ደጉ፣ ሁልጊዜ አዲስ እንደለበሰች ነው» ይላል፤ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል።

የዓመቱ ማለቂያ ሲቃረብ የልጅቷ መምህርት የተበላሸ የቦርሳ ዚፕ ይዘው ወደ ሱቁ ገቡ። ዚፑ ሰበብ ነበር።

«ልጅዎ ቤት ውስጥ ታወራለች?» ሲሉ ጠየቁ።

«ጨዋ ልጅ ናት፤ ወሬ አታበዛም።»

«ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም። ጻፊ ስላት ትጽፋለች፣ አንብቢ ስላት ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። በዚህ ከቀጠለች ክፍሉን መድገሟ ነው።» ከዚያ ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ አረፈ። «ይሄ ኮሌታ የማን ነው? አይጥ የበላው ይመስላል።»

«የሷው ነው። እሷ ትበላዋለች፣ እኔ እቀይረዋለሁ» አሉ ልብስ ሰፊው፣ ትንሽም ኮራ ብለው።

«ስንተኛው ነው?»

«ስምንተኛው።»

መምህርቷ ኮሌታውን አንስተው አገላበጡት። «ጋሼ፣ እንግዲያው ስምንት ጊዜ ነግራዎታለች» አሉና ዚፑን ሳያሠሩ ወጡ።

ያን ቀን ኮሌታው አልተሰፋም። ባለቤታቸው ነገሩን ሲሰሙ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ «ስምንት! እኔ እኮ ልጄ ልብስ አያያዝ የምታውቅ መስሎኝ ስኮራባት ነበር። አንተ ሰውዬ፣ በዚህ እጅህ ከኔም ደበቅከው» አሉ።

ልብስ ሰፊው በማግስቱ ወደ መምህርቷ ሄደው ምን እንደሚሻል ጠየቁ። የተሰጣቸው ምክር አጭር ነበር፦ መጀመሪያ ትብላ፣ ትጫወት፤ ንባቡ ከአሥር ደቂቃ አይለፍ፤ ስትሳሳት አያቋርጧት፤ ስለ ውጤት ሳይሆን ስለ ውሎዋ ይጠይቋት። በአፍ ቀላል፣ በተግባር ግን ዳገት ሆነባቸው። የመጀመሪያውን ቀን «ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትሽ?» ቢሏት፣ ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ብዙ ካሰበች በኋላ፣ «ትክክሉ ማን ነው?» አለች።

ይህችን ጥያቄ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሷትም።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ወሰኑ። እሷ እያነበበች ሳለ የቱንም ያህል ብትሳሳት መኪናውን ላያቆሙ። ውሳኔው ዋጋ አስከፍሏል። አንድ ቀን ልጅቷ ታሪክ ስታነብ ጆሯቸውን ለእሷ፣ እግራቸውን ለመርገጫው ሰጥተው፣ የፖስተኛውን ሱሪ የታችኛውን ጫፍ ግጥም አድርገው ዘጉት። ፖስተኛው ልብሱን ሊለካ ቢሞክር እግሩ ጉልበቱ ላይ ታጥፎ ቀረ።

«ሰውዬ፣ እግሬን በየት በኩል ላውጣ?»

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ልጄ እያነበበች ነበር።»

«ታዲያ ጨርሳለች ወይስ ልቁም?»

ልጅቷ ሳቀች። ሱቁ ውስጥ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሆኖም ነገሩ በአንድ ሳቅ አልተፈታም። ልጅቷ ሁለተኛ ክፍልን ደገመች። ሰፈርተኛው «የጎበዝ አባት ልጅ» እያለ ሲያማ፣ እሳቸው በር ድረስ እየሸኙ፣ «አብረን ነው የወደቅነው፣ አብረን ነው የምንደግመው» ይሏት ነበር። በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ክፍሉ ፊት ቆማ ግማሽ ገጽ አነበበች። መምህርቷ በትልቅ እረፍት ሰዓት መንገዱን ተሻግረው መጥተው ይህንኑ ነገሯቸው።

ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፊው የተበላ ኮሌታ፣ የተቀደደ ኪስ ወይም የተጎተተ እጅጌ ሲመጣላቸው መርፌ ከማንሳታቸው በፊት «ልጁን ጠይቃችሁታል?» ማለት ጀመሩ። «ጋሼ ኮሌታ» የተባሉትም በዚህ ነው። ሁሉም ወላጅ አልወደደውም። አንዲት የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ እናት፣ «ልብስ ሰፊ ነዎት ወይስ መርማሪ? መርፌዎን ያንሱ!» ብለው የልጃቸውን ኮሌታው የተበላ ሸሚዝ ነጥቀው ሄዱ። በሦስተኛው ሳምንት ያንኑ ሸሚዝ ይዘው ተመለሱ። ልጃቸው ሽንት ቤት መሄድ ስለሚፈራ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ እንደሚውል ነገሯቸው። «ለካስ ጠይቄው አላውቅም» አሉ። ሽንት ቤቱ በር ላይ ትልልቅ ልጆች እንደሚያስፈራሩት ታውቆ ትምህርት ቤቱ ነገሩን አስተካከለ። ሸሚዙም ተሰፋ።

ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ መጀመሪያ ለወላጆች እንዲናገሩ ይጋብዛቸው ነበር። የሚናገሩት ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ነው፤ ከአምስት ደቂቃም አያልፉም። ማንበብ የማይችል ወላጅ ደብተሩን ይዞ ልጁ እንዲያስረዳው ይጠይቅ፣ ልጆች ማታ በጊዜ ይተኙ፣ ገበታ ላይ ልጃችሁን ከጎረቤት ልጅ አታወዳድሩ ይሉ ነበር። «ልጅ በተለካ ቁጥር አይረዝምም» ማለትም ያዘወትሩ ነበር። ይህን ሁሉ ከየት እንዳወቁት ሲጠየቁ፣ «አንዲት ልጅ አበላሽቼ» ብለው ይቀመጣሉ።

ያልተበላሸችው ልጅ አድጋ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆነች፣ ሌላ ከተማም ተዳረች። ሆኖም ሰፈሩን ሁሉ «ጠይቁ» ሲሉ የኖሩት አባት፣ ስለዚያ ዓመት የገዛ ልጃቸውን ጠይቀው አያውቁም ነበር። ባለቤታቸው ሲያነሱባቸው «ቁስል አይነካካም» ይሏቸዋል። የሚፈሩት ግን መልሱን ነበር።

ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸው ታመመ። ልጃቸው ፈቃድ ወስዳ መጥታ ለሁለት ወር አስታመመቻቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሆስፒታል ክፍላቸው ውስጥ ብርቱካን ስትልጥላቸው፣ ድንገት ጠየቋት።

«ያኔ፣ ሱቁ ውስጥ፣ ትፈሪኝ ነበር?»

ልጣጩን መላጥ አላቆመችም። «አዎ አባዬ። በጣም።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ማን ይፈራሃል፣ መርፌ ባየህ ቁጥር የነርሷን እጅ የምትይዝ!»

እሳቸው ሳቁ፣ ሳቁና ሳል ያዛቸው። ከዚያ ስለዚያ ዓመት፣ ስለ በርጩማዋ፣ ጠዋት ጠዋት ሆዷን ስለሚያማት፣ እሳቸው ሞተው ቢሆን ብላ ስለተመኘችበትም ቀን ነገረቻቸው። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። አንድም ጊዜ አላቋረጧትም፣ ራሳቸውንም አልተከላከሉም። ስትጨርስ፣ «ይቅር በይኝ፤ እንኳን ነገርሽኝ» አሏት። እሷም ግማሽ ብርቱካኑን ሰጥታቸው ግማሹን በላች። ከዚያ ቀን በኋላ ወሬያቸው እንደማያልቅ፣ የዶክተር ጉብኝት ሲመጣ እንኳ «ቆይ ትጨርስ» ይሉ እንደነበር ነርሶቹ ይመሰክራሉ።

ጋሼ ኮሌታ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው ከጎናቸው ሆነው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ስድስት የልጅ ልጆቻቸውንና ሁለት እህቶቻቸውን ትተውልናል። የሰውን ልብ ሳያቋርጥ የሚሰማ ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበልልን፤ ለቤተሰባቸው መጽናናትን፣ ለእያንዳንዱ ቤትም ጠይቆ የሚሰማ ሰው ይስጥልን።