የሰውን ገመና ከየሱቁ የለቀሙት የ«ወይዘሮ ዝም» የሕይወት ታሪክ

እህታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ጥር 14 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሁለተኛዋ ናቸው፤ ይህን ያዘጋጀሁት የመጨረሻው ወንድማቸው ነኝ። እናታችን የሰፈሩን ግማሽ ሰው በእጃቸው ቢቀበሉም፣ ማን እንዴት ሆኖ እንደወለደ ከአፋቸው የሰማ የለም። ጎረቤት ወሬ ፍለጋ ሲመጣ «እኔ ሰው ቤት የምገባው እጄን ይዤ እንጂ ምላሴን ይዤ አይደለም» ይሉ ነበር። እህታችን ከእሳቸው የወረሱት መልክ ብቻ አልነበረም።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በጽሕፈትና በመዝገብ አያያዝ ሠልጥነው፣ በ1972 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር መዝገብ ቤት ተቀጠሩ። ክፍሉ ምድር ቤት ነበር፤ አንድ ጠባብ መስኮት፣ ዐሥራ አራት የብረት ካቢኔ፣ ክረምት ከበጋ የማይደርቅ ግድግዳ። በመስኮቱ በኩል የጓደኛውን ውጤት የጠየቀ ሁሉ ባዶ እጁን ስለሚመለስ ተማሪዎቹ «ወይዘሮ ዝም» አሏቸው። ስሙ ቤት ድረስ ተከትሏቸው ገባ።

በ1976 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ባለሙያው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። ትልቋ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ባለቤታቸው ውጤቷን ጠየቋቸው። «ቤት ስትመጣ ጠይቃት» አሉ። «ልጄ አይደለችም እንዴ?» ቢሏቸው፣ «ልጅህስ ልጅህ ናት፤ ፋይሉ ግን የእሷ ነው» ብለው ልብስ ማጠፋቸውን ቀጠሉ። ሦስት ቀን ተኮራርፈዋል።

እስከዚህ እንደ ወጉ ጻፍኩ። የሚቀጥለውን «ለቀብር አይሆንም፣ ዝለለው» ያሉኝ አሉ። ለቀብር ካልሆነ ለመቼ ሊሆን ነው?

የድሮዎቹ ፋይሎች በ2007 ዓ.ም. ወደ ኮምፒውተር ተገልብጠው አለቁና የአስተዳደር ኃላፊው ክፍሉ እንዲለቀቅ አዘዙ። በዐርባ ሦስት ጆንያ የታጨቀው የሰው ሕይወት ነበር፤ የሐኪም ማስረጃ፣ የዲሲፕሊን ውሳኔ፣ «ለእርስዎ ብቻ» ተብሎ የተጻፈ ማመልከቻ። እህታችን «ዓይኔ እያየ ይቃጠል» አሉ። «ይቃጠላል፣ ብቻ ርክክቡን ይፈርሙ» ተባሉ። ሠላሳ አምስት ዓመት የሠሩበትን ቤት አመኑና ፈረሙ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሰፈራችን ሱቅ ሚስማር ገዙ። ሚስማሩ የተጠቀለለበትን ወረቀት ሲዘረጉት የራሳቸውን ማኅተም አዩ። አንዲት ተማሪ በአእምሮ ሕመም ምክንያት ለአንድ ዓመት ትምህርት ለማቋረጥ የጻፈችው ማመልከቻ ነበር፤ ስሟ ከነአባቷ፣ ከነአድራሻዋ። ባለሱቁ «እትዬ፣ ወረቀት እኮ ነው፣ ምን አስደነገጠዎት?» አላቸው። ሚስማሩን ባንኮኒው ላይ ዘርግፈው ወረቀቱን በጉያቸው ይዘው ወጡ።

አልተቃጠለም። ለነጋዴ ተሽጧል።

ከዚያ ወዲያ ያረፉበት ቅዳሜ የለም። ዘምቢላቸውን አንጠልጥለው ሱቅ ለሱቅ ዞሩ። ነጋዴው ወረቀቱን ብቻውን አልሰጥም ሲላቸው ዕቃውን ከነመጠቅለያው ይገዙ ስለነበር ቤታቸው በሳሙናና በሻማ ተሞላ። ባለቤታቸው «ሱቅ ልንከፍት ነው?» ብለው ሲቀልዱ፣ እህታችን አለቀሱ። ባለቤታቸው ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ዘምቢል ይዘው አብረዋቸው መዞር ጀመሩ።

ያልደረሱበት ወረቀት ግን ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። የሌላ ተማሪ ተመሳሳይ ማመልከቻ በአንድ ወላጅ እጅ ገባ። የጻፈችው ተማሪ በዚያን ጊዜ የዚያን ወላጅ ልጅ የምታስተምር መምህርት ሆናለች። ከሃያ ዓመት በፊት የነበረባት ሕመም በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጮክ ተብሎ ተነበበ፤ ከሥራዋም ታገደች። መምህርቷ እህታችን ያሉበት ድረስ መጥታ «እኔ ለእርስዎ ብቻ ነበር የሰጠሁት» አለቻቸው። ይህን ንግግር እህታችን አንድ ጊዜ ብቻ ነገሩን፤ ሁለተኛ ሊደግሙት አልቻሉም።

ወደ ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ወጥተው ወረቀታቸው ለወጣባቸው ሁሉ ደብዳቤ እንዲጻፍ ጠየቁ። «ነገሩን ባናጋንነው ይሻላል፤ የተቋሙ ስም ይጎድፋል» ተባሉ። የተማሪዎቹ ስምስ? እሱን የጠየቀ አልነበረም። ይልቁንም «ያለ ጥንቃቄ ፈርመዋል» ተብለው ተቀጡና ጡረታ እስኪወጡ ሁለት ዓመት የተሰባበረ ወንበር ጠባቂ ሆኑ። ሻጩ ኃላፊ በዚያው ዓመት ሹመት አገኙ። እዚህም መካከላችን ቆመዋል፤ ይስሙኝ።

እህታችን «ፊርማው የእኔ ነው» ብለው ጥፋታቸውን አልካዱም። ከመምህርቷ ጋር ትምህርት ቤቷ ድረስ ሄደው በቦርዱ ፊት፣ «የእኛ ቤት አሳልፎ የሰጠው ነው፤ እናንተ ያነበባችሁት የተሰረቀ ዕቃ ነው። ሌባውን ትታችሁ የተሰረቀባትን ትቀጣላችሁ?» አሉ። መምህርቷ በሰባተኛው ወር ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ጡረታ ከወጡም በኋላ የለቀሙትን ወረቀት እያንዳንዱን በፖስታ አሽገው፣ ባለቤቱን አፈላልገው፣ ከይቅርታ ጋር በእጁ ያስረክቡ ነበር። ስድስት መቶ አራት ሰው ደርሶታል።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሕመም ሲረዱ ቆዩ። ስድስት አልጋ ባለበት ክፍል ሐኪሙ በሽታቸውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሊናገር ሲጀምር፣ «ዶክተር፣ ጠጋ ብለው ለእኔ ይንገሩኝ» አሉት። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ላይ የሕመማቸውን ስም የሚፈልግ አያገኘውም። በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ዐረፉ።

ዩኒቨርሲቲው «ትጉህና ታማኝ ሠራተኛችን» የሚል ደብዳቤ ከአበባ ጋር ልኳል። ደብዳቤው አይነበብም፤ አበባውን ላመጣው ሾፌር መልሰናል።

የወረቀቱ ባለቤት ያልተገኘለት ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ የታሸገ ፖስታ ቤታችን አለ። ከእኛ ማንም አልከፈተውም፤ አይከፍተውምም። የእኔ ነው የሚል መጥቶ ይውሰድ፤ ምን እንደያዘ አንጠይቀውም።

እህታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን አራት እህትና ወንድሞቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍ፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጥ። በሰው ገመና ሚስማር ላስጠቀለሉት ግን፣ እውነቱን አውጥተው ይቅርታ እስኪጠይቁ ድረስ፣ እንቅልፍ ይንሳቸው።