መዶሻው ዝም ሲል

ጥቅምት 6
ዛሬ መዶሻው ሁለት ድንጋይ ሰበረ። ለመሣሪያው ይህን ስም ያወጡለት ዶክተር ካሣዬ ናቸው፤ በቀጭን ብረት እየቀጠቀጠ የሽንት ቱቦ ውስጥ ያለውን ድንጋይ ስለሚሰብር። ጠቅ ጠቅ ጠቅ... ከደሴ በነርስነት ተመድቤ አሰላ ስመጣ፣ ከብርዱ ቀጥሎ የለመድኩት ይህን ድምፅ ነው። እሳቸው ጡረታ ወጡ፤ ድምፁ ግን አብሮኝ ቀረ።

ጥቅምት 11
ኦቦ ሀሰኖ፣ የሳጉሬ ገበሬ። የሚሠራላቸው ኩላሊት አንድ ብቻ፤ እሱንም ድንጋይ ዘግቶታል። የደነዘዘው ከወገባቸው በታች ስለሆነ ነቅተው ያዳምጣሉ። "በለው! በለው!" ይላሉ መዶሻውን። ሳቅን። ከዚያ ድንጋዩ ተፈናጠረ... ወደ ላይ፣ ኩላሊት ውስጥ።

ዶክተር እዮኤል ሽንቱ እንዲወርድ ቱቦ አስገባና ወጣ። "ያዘዝነው የድንጋይ መስበሪያ ሌዘር ከመጣ በሱ እንሞክራለን። ካልሆነ ጎናቸውን መቅደድ ነው።" በአንድ ኩላሊት? ጨነቀኝ።

ኅዳር 2
ሌዘሩ መጣ። መዶሻው ዕቃ ቤት ገባ። አቧራውን ጠረግኩለት። ምነው ሆዴ ባባ? ለብረት? "ሲስተር፣ ስሚው፤ ድምፁ ሲለወጥ ድንጋዩ ተሰንጥቋል ማለት ነው" ይሉኝ ነበር ዶክተር ካሣዬ። ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበርኩ... ናፈቀኝ። ወደ ቤት ስሄድ በዕቃ ቤቱ መስኮት ቆሜ አየሁት።

ኅዳር 9
ኦቦ ሀሰኖ ተመለሱ። ሌዘሩ ይገርማል። ድንጋዩ ሳይሸሽ እዚያው ዱቄት ይሆናል። ግን ዝም ያለ ነው።

"ምነው ቆማችሁ?"

"እየሠራን ነው፣ ኦቦ።"

"ድምፁ የታለ? ደግሞ ሸሸ እንዴ? ያ ረቢ!" ሊነሱ ትከሻቸውን አነሱ።

"እንዳይነቃነቁ! መሣሪያው ኩላሊታቸው ውስጥ ነው!" እዮኤል ጮኸ።

ምን ልበላቸው? እጄ የብረት ትሪውን በመቀስ መታ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ... ልክ እንደ መዶሻው።

"ኤዬ... በለው!" ብለው ተኙ። እስኪያልቅ መታሁ። ክንዴ ዛለ።

ኅዳር 10
እዮኤል ሲያሾፍብኝ ዋለ። "ለካ ሌዘሩ ያለ ከበሮ መቺ አይሠራም!"

ታኅሣሥ 14
ኦቦ ሀሰኖ ለምርመራ መጡ። ኩላሊቱ ንፁህ። ቱቦውም ወጣ። ኮሪደር ላይ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ያ መዶሻ ደህና ነው?"

"ደህና ነው፣ ኦቦ።"

እጄን ያዙ። መዳፌን ገልበጥ አድርገው አዩት። "ያን ቀን መጨረሻ ላይ ደክሞት ነበር። ብረት ደግሞ አይደክመውም። የሚመታው ሰው መሆኑ ያኔ ገባኝ... ገለቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ ልጄ።"

አለቀስኩ። ማታ ወደ ቤት ስሄድ በዕቃ ቤቱ በኩል አለፍኩ። መስኮቱ ጋ አልቆምኩም።